ለመሸጥ የማይቸኩሉት ሥራ አስኪያጅ

የሰፈራችን የወይን ጠጅና የአልኮል መጠጥ መደብር ስፋቱ አያስደንቅም። መደርደሪያዎቹ እስከ ጣሪያ ተጭነዋል፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ መብራቱም ፈዘዝ ያለ ነው። ትልልቆቹ የገበያ አዳራሾች ከዚህ የሚበልጥ ዓይነት ይዘው፣ ብዙ ጊዜም ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። እኔ ግን ለዓመታት ሌላ ቦታ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ምክንያቱ ሥራ አስኪያጁ ነበሩ። በቅርቡ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ስለ መደብሩ ልጽፍ ተነሥቼ አብዛኛውን ስለ እርሳቸው ብጽፍ አንባቢ አይፍረድብኝ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ጥሩ የምለው ነገር ሁሉ የእርሳቸው እጅ አለበት።

ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ባለቤት አልነበሩም። መደብሩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እርሳቸው ከባንኮኒው ጀርባ አልተነቃነቁም። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አስረው ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ነበሩ። ጠርሙስ ሲያነሡ አንገቱን አይጨብጡም፤ ሁልጊዜ ከሥር ደግፈው፣ ጽሑፉን ወደ ገዢው አዙረው ያቀርቡታል። ገዢው አንብቦ እስኪጨርስም ዝም ይላሉ።

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ምን ልስጥዎ?» አልነበረም። «ማን ነው የሚጠጣው?» ይላሉ። ቀጥለው «መቼ?» በመጨረሻም «እስካሁን ከቀመሱት ውስጥ ያልወደዱት የትኛውን ነው?» ሰው የወደደውን ሲጠየቅ ግራ ይጋባል፤ ስሙን አያስታውስም፣ ወይም አላዋቂ ላለመምሰል የሰማውን ታዋቂ ስም ይጠራል። የጠላውን ሲጠየቅ ግን ቃል አያጣም። «አፌን አደረቀው»፣ «እንጨት እንጨት አለኝ»፣ «ጣፋጭነቱ በዛብኝ» ይላል። ለጋሼ ይህ በቂ ነበር። አፍ የሚያደርቀው ከወይኑ ፍሬ ቆዳና ዘር የሚወጣው ታኒን ስለሆነ፣ ያን ሰው ታኒን ከሚበዛበት ካበርኔ ሶቪኞን ከሚባለው የወይን ዝርያ አርቀው፣ ታኒናቸው ለስለስ ወዳለ ጋሜ ወይም ፒኖ ኗር ወደሚባሉ ዝርያዎች ይወስዱታል። እንጨት የሸተተውን፣ አዲስ የኦክ በርሜል ያልነካው ነጭ ወይን ጠጅ ፊት ያቆሙታል። ጣፋጭ የማይወደው ሰው ሪዝሊንግ የሚባለውን ነጭ ወይን ጠጅ ሲያይ ፊቱን ካዞረ ደግሞ ጠርሙሱን አንሥተው የአልኮሉን መጠን በጣታቸው ያሳዩታል። 8 ከመቶ አካባቢ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከወይኑ ስኳር ጥቂት የማይባለው ወደ አልኮል ሳይለወጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ 12 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጣፋጭነት የለውም። ይህችን ምልክት ከእርሳቸው ከተማርሁ ወዲህ የማላውቀው ቋንቋ የተጻፈበትን ጠርሙስ እንኳ ሳልፈራ አነሣለሁ። ለደንበኛ እንዲህ ያለ ነገር ማስተማር ገዢን ማራቅ የሚመስለው ነጋዴ ይኖራል። እኔ ግን ይበልጥ የተመላለስሁት ከዚያ በኋላ ነው።

«መቼ?» የሚለው ጥያቄያቸው ብዙ ሰው ያስገርም ነበር። በዓለም ላይ ከሚመረተው ወይን ጠጅ አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ታስቦ የሚሠራ መሆኑን፣ ዕድሜ ሁሉንም እንደማያሻሽል ደጋግመው ይናገራሉ። አንዲት እናት ልጇ ለአቅመ አዳም ሲደርስ የሚከፈት ጠርሙስ ፈልጋ መጥታ፣ ዓይኗ ያረፈበትን ቀይ ይዛ ስትቀርብ አይቻለሁ። ጋሼ ጠርሙሱን በእርጋታ ተቀብለዋት ወደ ቦታው መለሱት። «እኅቴ፣ ይህ ልጁ ትምህርት ቤት ሳይገባ ጣዕሙ ያልቃል» አሏት። ከዚያ ፖርት የሚባለውን፣ አልኮሉ ጠንከር ያለ ጣፋጭ የፖርቱጋል ወይን ጠጅ አመጡላት፤ ግን ያገኙትን ፖርት አይደለም። በበርሜል ብዙ ቆይቶ የታሸገው ቶኒ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ብዙም እንደማይለወጥ፣ በአንድ ጥሩ ዓመት ምርት ብቻ ተሠርቶ ቶሎ የሚታሸገው ቪንቴጅ የሚባለው ግን ጠርሙስ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት እንደሚበስል አስረዷት። የልጁ የልደት ዓመት ምርት ገና ስላልወጣ ገንዘቧን ሳይቀበሉ ስልኳን ጽፈው ሸኟት። በጨለማ ቦታ፣ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቀት፣ ቡሹ እንዳይደርቅ አጋድማ እንድታስቀምጠውም ከወዲሁ ነገሯት። በዚያን ቀን ምንም አልሸጡላትም።

ውድ ጠርሙስ ይዞ የመጣን ሰው መመለስ ልማዳቸው ነበር። አንድ ወጣት ለአለቃው ግብዣ ሊወስድ ቦርዶ ከሚባለው የፈረንሳይ አካባቢ ደረጃ የወጣለትን ወይን ጠጅ መርጦ ነበር። ምርቱ ገና አዲስ ስለሆነ ታኒኑ አልበረደም፤ ያን ምሽት ቢከፈት ከዋጋው የሚጠበቀውን አይሰጥም። ጋሼ ደረጃ ምን እንደሆነ በአጭሩ አጫወቱት። ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ መሠረቱ በጊዜው ገበያ ላይ የነበረው ዋጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚታወቀው ትልቁ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1973 ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ የሚባለው አምራች ወደ አንደኛ ደረጃ ማደጉ ነው። «ይህ ዝርዝር ስለ ዛሬው ማታ ግብዣ ምንም አያውቅም» አሉት። ደረጃ ከሌለው ከዚያው አካባቢ የመጣ፣ ግን ዕድሜ የጠገበ ጠርሙስ በግማሽ ዋጋ ሰጡት። ወጣቱ በሳምንቱ ሊያመሰግን ሲመጣ አብሮት አለቃው ነበር።

ስለ ተመላሽ ጠርሙስ በስፋት ልናገር፤ የአንድ መደብር ሐቀኝነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቡሽ አንዳንድ ጊዜ ወይን ጠጁን ያበላሻል። ጥፋተኛው በምህጻረ ቃል ቲ.ሲ.ኤ. የሚባል ውሕድ ነው፤ ሻጋታና ክሎሪን ያለባቸው ውሕዶች ሲገናኙ ይፈጠራል። ጤና አይጎዳም፤ ነገር ግን ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ የሚሆን መጠኑ ብቻ እንኳ በአፍንጫ ይታወቃል። ሲበረታ ርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ጋዜጣ ይሸታል። ይህ ቀላሉ ነው፤ ማንም ይለየዋል። ከባዱ መጠኑ አነስተኛ ሲሆን ነው፤ ምንም መጥፎ ሽታ ሳይኖረው የፍራፍሬው መዓዛ ብቻ ይጠፋል። ጠጪው «ደስ አይልም» ብሎ ያን ወይን ጠጅ ዳግመኛ አይገዛም፣ አምራቹም ስሙ በከንቱ ይጠፋል፣ መደብሩም ምን እንደተፈጠረ አያውቅም። ጋሼ በዚህ ይቆጩ ነበር። ስለዚህ ከሸጡት በኋላ ይጠይቃሉ፦ «ያ ጠርሙስ እንዴት ነበር?» ደንበኛው ትከሻውን ካነቃነቀ የተረፈውን እንዲያመጣ ይለምኑታል።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ግማሹ የተጠጣ ጠርሙስ በላስቲክ ጠቅልለው፣ እያፈሩ መጡ። «ምናልባት እኔ ስለማላውቅበት ይሆናል» አሉ። ጋሼ ብርጭቆ አውጥተው ቀዱ፤ አሸተቱ፤ ሳይናገሩ ለሠራተኛዋ አቀበሏት። እርሷም አሸተተች። ከዚያ ያው ምርት ከሆነ ሌላ ጠርሙስ ከፍተው በሁለተኛ ብርጭቆ ቀዱና ሁለቱን ለአዛውንቱ አቀረቡላቸው። አዛውንቱ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን አሸተው ፊታቸው ፈካ። «ታዲያ እኔ ልክ ነበርኩ!» አሉ። አዲሱን ይዘው ሄዱ፤ ደረሰኝ የጠየቃቸው የለም። ያን ደስታ ያየ ሰው የአንድ ጠርሙስ ኪሳራ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገባዋል። በነገራችን ላይ ጋሼ በብረት ክዳን የሚዘጉ ጠርሙሶችን የሚንቁ ገዢዎችን በትዕግሥት ነበር የሚመልሱት። የአውስትራሊያ የክሌር ሸለቆ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2000 ሪዝሊንጋቸውን ተባብረው በብረት ክዳን መዝጋት የጀመሩት ገንዘብ ለመቆጠብ ሳይሆን ከዚሁ የቡሽ ብልሽት ለማምለጥ መሆኑን ይነግሯቸዋል።

ጠንካራ መጠጦቹ በስተግራ በኩል ናቸው። እዚያ ያስተማሩት ነገር አጭርና ግልጽ ነው፦ የወይን ጠጅ ይጋደማል፣ ውስኪ ይቆማል። አልኮሉ ከ40 ከመቶ ጀምሮ ስለሆነ ከቡሹ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲነካካ ቡሹን ይበላዋል። የስኮትላንድ ውስኪ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መቆየት እንዳለበት ሕጉ ያዛል፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዕድሜም ውስጡ ከተቀላቀሉት ሁሉ የትንሹን ነው። አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰውን የ12 ዓመት ውስኪ «አሁን ከ40 በላይ ሆኗል» ብሎ ሊያስገምት አምጥቶ ነበር። ጋሼ ውስኪ ከበርሜል ከወጣ በኋላ እንደማያረጅ፣ ዛሬም 12 እንደሆነ ነገሩት። ሰውየው ቅር ሲለው አይተው «አባትዎ የቀመሱት ይኸው ነው፤ አልተለወጠም» አሉት። እውነቱን ሳይደብቁ የሰውን ልብ መጠበቅ ይችሉበት ነበር።

ርካሽ ጠርሙስ በሻንጣ ይዞ በጓሮ በር የሚመጣ አቅራቢ ግን ያን ለስላሳ ፊታቸውን አያይም። እ.ኤ.አ. በ2012 በቼክ ሪፐብሊክ ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ብዙ ሰው ገድሎ፣ መንግሥት ከ20 ከመቶ በላይ አልኮል ያለውን መጠጥ ሁሉ ሽያጭ ለጊዜው እስከ ማገድ መድረሱን ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ይነግሩታል። መርዛማ የአልኮል ዓይነት የሆነው ሜታኖል በመዓዛም በጣዕምም በቀላሉ አይለይም፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። የመጣበት ሰነድ የሌለው ጠርሙስ በዚያ መደርደሪያ ላይ አይወጣም ነበር፤ በዚህ ላይ ክርክር አይቀበሉም።

ሻምፓኝ የገዛ ሰው ያለ ትምህርት አይወጣም። በባዶ ጠርሙስ ያሳዩታል። አውራ ጣት ቡሹ ላይ፤ ሽቦው ስድስት ጊዜ በግማሽ ዙር ሲዞር ይላላል፤ ከላላ በኋላም አውራ ጣት አይነሣም። ፎጣ ይደረብበታል። ጠርሙሱ 45 ዲግሪ ያህል ይዘነብላል፣ ማንም ወደሌለበት አቅጣጫ። ቡሹን አጥብቆ ይዞ የሚዞረው ጠርሙሱ ነው። በውስጡ ያለው ግፊት እስከ 6 አትሞስፌር ይደርሳል፤ ከመኪና ጎማ ግፊት በእጥፍ ይበልጣል፤ ዓይን ያጠፋባቸው ሰዎች አሉ። በደንብ ያልቀዘቀዘ ጠርሙስ ደግሞ ይብሳል። በትክክል ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ ትንፋሽ ብቻ ነው። ጋሼ ይህን ሲያሳዩ እጃቸው አይቸኩልም፤ ከኋላ የቆመው ሰልፈኛም ሰዓቱን ማየት ትቶ አብሮ ይማራል።

አልፎ አልፎ ማታ ማታ ጠርሙሶችን በወረቀት ሸፍነው ያስቀምሱን ነበር። ያን ጊዜ ሳይነግሩን የማያልፉት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1976 በፓሪስ ፈረንሳውያን ዳኞች የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይን ጠጆች ስማቸው ተሸፍኖ ቀመሱ። ከቀዮቹ የስታግስ ሊፕ፣ ከነጮቹ የሻቶ ሞንቴሌና፣ ሁለቱም የካሊፎርኒያ የ1973 ምርቶች፣ አንደኛ ወጡ። ሌላው ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ የካሊፎርኒያን ድል ያወራል። ጋሼ ግን የሚኮሩበት ሌላ ነገር ነበር፤ ቅምሻውን ያሰናዳው ስቲቨን ስፐሪየር ፓሪስ ውስጥ መደብር የነበረው ወይን ጠጅ ሻጭ ነው። «ባለ ሱቅ ነው ያደረገው!» ይላሉ፣ ባንኮኒውን መታ እያደረጉ። ሙያቸውን የሚያዩበት ዓይን ይህ ነበር። ስሙን ሳይሆን ብርጭቆው ውስጥ ያለውን እንዲያምን ሰውን መርዳት የሻጭ ሥራ ነው ብለው ያምናሉ።

ከሁሉ በላይ የማከብራቸው ግን በሌላ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት ትንንሽ ጠርሙስ ቮድካ የሚገዛ አንድ ጎረቤት ነበረን። አንድ ማለዳ እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ ገንዘቡን በባንኮኒው ላይ ወደ እርሱ መልሰው ገፉት። «ልጄ፣ ዛሬ አልሸጥልህም» አሉት። ሰውየው ተቆጣ፤ ሌላ ቦታ እንደሚገዛ ተናገረ። «ትገዛለህ፤ እኔ ግን አልሸጥልህም» አሉና ከባንኮኒው ጀርባ ወጥተው፣ ሠራተኛዋን በቦታቸው ተክተው፣ ክንዱን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም። ለረጅም ጊዜ ብዙ ጠጪ የነበረ ሰው በድንገት ማቆሙ ራሱ አደገኛ እንደሆነ፣ መንቀጥቀጡ ወደ መንፈራገጥ ሊያድግ እንደሚችል ያውቁ ስለነበር ወደ ሐኪም ቤት ራሳቸው እንደወሰዱት የሰማሁት በኋላ ነው። ያ ጎረቤታችን ዛሬ አይጠጣም። ወደ መደብሩ መምጣቱን ግን አልተወም፤ ጋሼ ለእርሱ ሲሉ አልኮሉ የወጣለት ወይን ጠጅ ማስመጣት ጀምረው ነበር። ሆኖም ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር እንዳይቀምሰው ነገሩት፤ ከ0.5 ከመቶ ያነሰ አልኮል ሊኖርበት ይችላል፣ ሽታውም የቀድሞውን ያስታውሳል ብለው። መጨረሻ ላይ የመረጠው የወይን ጭማቂ ነው። እርሱንም ከሥር ደግፈው፣ ጽሑፉን ወደ እርሱ አዙረው ነበር የሚያቀርቡለት።

አሁን መደብሩ እንዴት ነው? ጥሩው ዜና ያሠለጠኗት ሠራተኛ አሁንም አለች። ጋሼ ማን ምን ወሰደ፣ ወደደው ወይስ አልወደደውም እያሉ የሚጽፉበት ወፍራም ደብተር ነበራቸው፤ እርሷ ቀጥላበታለች። ባለፈው ስሄድ ከጋሼ የእጅ ጽሑፍ በታች በእርሷ ጽሑፍ የእኔ አዲስ መስመር ሲጨመር አየሁ። የተመላሽ ጠርሙስ አሠራርም አልተለወጠም፤ ፈትኜዋለሁ፣ ያለ ጥያቄ ቀየሩልኝ። ሦስቱን ጥያቄዎችም በቅደም ተከተላቸው ትጠይቃለች።

ያልወደድሁትም አለ። ጋሼ በእጃቸው ይጽፏቸው የነበሩት ትንንሽ ካርዶች ተነሥተው ከመቶ የተሰጠ ነጥብ ብቻ ያለባቸው የታተሙ ካርዶች ተተክተዋል። የጋሼ ካርድ «ቀዝቀዝ አድርገው ይጠጡት፤ ከተከፈተ በሁለት ቀን ይጨርሱት» ይል ነበር። 92 የሚል ቁጥር ይህን አይነግረኝም። በቅመማ ቅመም የሚዘጋጀው ቬርሙትም ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደሚቀመጥ የሚያስታውሰው ካርድ የለም፤ ወይን ጠጅ መሆኑን የማያውቅ ገዢ ለወራት መደርደሪያ ላይ አቁሞ ያበላሸዋል።

ከዚህ የሚብሰው የመስኮቱ ነገር ነው። ለማማር ተብሎ ሮዜዎቹ፣ ማለትም ሮዝ ቀለም ያላቸው ወይን ጠጆች፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ተደርድረዋል። የሮዜ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ ቀለሙ እንዲታይ ጥርት ካለ ብርጭቆ ስለሚሠራ ብርሃንን አይከላከልም፤ ብርሃኑ ወይን ጠጁ ውስጥ የድኝ ሽታ ያላቸው ውሕዶች ይፈጥራል፣ ለዚህም ረጅም ጊዜ አያስፈልገውም። ጋሼ በነበሩበት ጊዜ መስኮቱ ላይ የሚቆሙት ባዶ ጠርሙሶች ነበሩ።

ለአዲስ ገዢ ምክሬ ይህ ነው፦ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ይሂዱ፣ ደብተር የያዘችውን ሠራተኛ ይጠይቁ፣ የወደዱትን ከመናገር በፊት የጠሉትን ይንገሯት። ከመስኮቱ ላይ የተነሣ ጠርሙስ ከሰጡዎት ከውስጥ እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ። ለባለቤቶቹ ደግሞ፦ ካርዶቹን መመለስ ጊዜ ይወስድ ይሆናል፣ ሠራተኛዋ ግን ልትጽፋቸው ፈቃደኛ እንደሆነች ነግራኛለች። መስኮቱ ላይ ያሉትን ሮዜዎች ግን ዛሬውኑ ወደ ውስጥ አስገቧቸው፣ እስካሁን ፀሐይ የመታቸውንም አትሽጧቸው።